አክስቴና ኮሽ ያለው እንጀራ

ቢቸና ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የሥራ ፈጠራ ትምህርት አስተምራለሁ። «የተሳካለት የንግድ መሪ ባሕርያት» የሚለው ርዕስ ላይ ስንደርስ ሞጁሉ ቆራጥነትን ከሁሉ ያስቀድማል። እኔ ግን እዚያ ቃል ላይ በደረስኩ ቁጥር አክስቴ ትመጣብኛለች። ቆራጥነት ጎድሏት አያውቅም፤ እንዲያውም ጉድ ያደረጋት እሱ ነው።

አክስቴ ገበያው አጠገብ ወፍጮ ቤት አላት። ባሏ ሲሞት «ሴት ልጅ ወፍጮ ቤት አይሆንላትም» ያሏት ዘመዶች ዛሬ እሷው ዘንድ ነው የሚያስፈጩት፤ ተራም አታስቀድማቸውም። ቁጡ ናት፣ ፈጣን ናት፣ ከአፏ የወጣው ነገር ወዲያው እንዲሆንላት ትፈልጋለች። እወዳታለሁ፤ እፈራታለሁም።

ወፍጮውን የሚሠራላት ኦፕሬተር የሞጣ ሰው ነው፤ ዝምተኛ፣ ልጆቹንና ሚስቱን እዚያው ትቶ የመጣ። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ በመዶሻ ይወቀራል። ከተወቀረ በኋላ ታዲያ መጀመሪያ የሚገባው የባለ ወፍጮው እህል ነው። ከውቅሩ የቀረውን ኮረት ጠራርጎ የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ዱቄቱ ለሰው አይሆንም። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ ባለ ወፍጮ የለም። አክስቴም ሁልጊዜ ከጓዳዋ በቆሎ አምጥታ በራሷ እጅ ነበር የምትጨምረው።

ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር። ኦፕሬተሩም ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ ድንጋዩን ወቀረው። መብራቱ የመጣው ልክ በገበያ ቀን ነው፤ ጤፍ የያዘ ሰው ከደጃፉ እስከ መንገዱ ተሰለፈ። አክስቴ ለበቆሎው ወደ ጓዳ ብትገባ ማዳበሪያው ባዶ ነው። እኔም ለቤቴ ላስፈጭ መጥቼ እዚያው ቆሜ ነበር።

«ይቆዩ እትዬ» አላት ኦፕሬተሩ፣ «ከገበያ ትንሽ በቆሎ ይምጣና ድንጋዩን እናጥበው።»

«መብራቱ መልሶ ቢሄድስ? ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ሊያድር ነው? ጠርገኸው የለም እንዴ? አስገባ!»

«እትዬ፣ ኮረት አለው።»

«አስገባ አልኩህ!»

አስገባ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ አክስቴ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀም አልነበረም። ከሰልፉ ፊት የነበረው ጤፍ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የአንዲት እናት ነው፤ ለአርባ ተዝካር የሚሆን። በዕለቱ ካህናቱ፣ ጎረቤቱና የቅኔ ተማሪዎቹ ተሰብስበው እንጀራው ሲቆረስ በየጥርሱ ኮሽ አለ። ሰው በይሉኝታ ዋጠው። እኚያ እናት ግን ድምፁን ሰምተዋል፤ ጓዳ ገብተው አለቀሱ አሉ። ለባላቸው ነፍስ ያዘጋጁት ማዕድ እኮ ነው! የቅኔ ተማሪ ባለበት ከተማ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተሸፋፍኖ አይቀርም፤ በማግስቱ ቢቸና የሚያወራው ስለ ወፍጯችን ሆነ።

ኦፕሬተሩ ወሬውን እንደሰማ ለማንም ሳይናገር ወደ ሞጣ ተሳፈረ፤ ወፍጮውም ያለ ሠራተኛ ቆመ። እሱ ሲሄድ ከተማው ፍርዱን ሰጠ፤ ባያጠፋ ለምን ይሸሻል? ወፍጮው መቼ እንደሚነሳ ሊጠይቁ የሚመጡ ሴቶች አክስቴን ያጽናኗት ጀመር። «ምን ታደርጊ፣ የዛሬ ሰው አይታመን!» ይሏታል። እሷ ዝም ትላለች። ቀናት አለፉ፤ አሁንም ዝም። በጣም ተናደድኩባት። ልናገራት ቆርጬ የሄድኩ ጠዋት ግን ቀደመችኝ።

«ለተዝካር ኮረት ፈጨ የተባለን ሰው የሚቀጥር ወፍጮ ቤት አለ?»

«የለም» አልኳት።

«እውነቱን ብናገርስ፣ እኔ ዘንድ የሚያስፈጭ ሰው ይኖራል?»

ይህን አላውቅም ነበር። ከገበያው ማዶ አዲስ ወፍጮ ተከፍቶ ደንበኞቻችንን በፈገግታ ይቀበላል። አላውቅም አልኳት።

በእሁዱ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው መንገዱን ሲሞላው፣ አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ወደ እኚያ እናት ቤት ሄደች። እንዲህ ሆኖ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ከፊቱ ያስቀድማል፤ እሷ ግን ሽማግሌ እስኪገኝ መች ትጠብቃለች፣ እኔን አስከትላ ደረሰች። ከደጃቸው ቆማ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «ሰውየው ከልክሎኝ ነበር። አስገባ ያልኩት እኔ ነኝ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለች። እሳቸው ቀረብ አሉ። ከዚያ ድንጋዩን ከጫንቃዋ አወረዱላትና «እግዜር ይቅር ይበልሽ። ያ ሰውዬ ግን የት ገባ?» አሉ።

መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሚኒባስ ይዘን ሞጣ ሄድን። ሰውየውን ቤቱ አጣነው። ሚስቱ ከወፍጮ ቤት ወፍጮ ቤት ሥራ ሲጠይቅ እንደሚውል፣ ወሬው ግን ቀድሞት ሞጣ እንደገባ ነገረችን። በመጨረሻ በአንዱ ወፍጮ ቤት ደጃፍ የሰው እህል በማዳበሪያ ሲሸከም አገኘነው። ከድንጋዩ አጠገብ አላስጠጉትም።

አክስቴ በእሱ አልጀመረችም። በቀጥታ ወደ ባለ ወፍጮው ገባችና በተሰለፈው ሰው ፊት፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ፣ ቢቸና ላይ ያለችውን ሁሉ ደገመችው። «ይሄ ሰው ጥንቁቅ ነው። እሱ ከፈለገ ቅጠረው። እኔ ዘንድ ልመለስ ካለ ግን አልተውልህም!» ሰልፈኛው ሳቀ። ባለ ወፍጮውም ሳቀና ከነገ ጀምሮ ድንጋዩን እንደሚያስረክበው ተናገረ።

ኦፕሬተሩ ማዳበሪያውን አውርዶ ፊቱን ጠረገ። መሬት መሬት ያያል። ልጆቹ እዚህ ናቸው፣ ሥራም አሁን እዚህ አግኝቷል። አክስቴ ሰው ስትለምን አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን «ና እንሂድ፣ እባክህ» አለችው።

ቀና አለ። «እትዬ፣ እኔ የሄድኩት ወሬውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ሌላ ቀን ብከለክልዎ ይሰሙኛል ወይ?»

ሰው ሁሉ እሷን ያይ ጀመር። እዚያ ከነበሩት ሁሉ የማውቃት እኔ ነኝ፤ አዎ ብትል ውሸት እንደሚሆንባት እሷም ታውቀዋለች።

«ቁጣዬ አይለቀኝም» አለችው። «አልሰማ ስልህ የወፍጮውን ማብሪያ አጥፋብኝ። የማብሪያው ሳጥን ቁልፍ አንተ ዘንድ ይሁን።»

ሰውየው ሚስቱን ሊሰናበት ወደ ቤቱ ሄደ።