ለቅዳሴ ቃል የገባሁበት ወይን

ወዳጆቼ፣ ለእናንተ ብቻ ልናገር፦ ዛሬ ቄስ ፊት አፈርኩ።

ከደርግ ሸሽተን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባን ወዲህ ከጎንደር ዘቢብ መምጣቱ ቀረ። ቄሳችን አባ ገብሬ ለቅዳሴው የተረፈቻቸው አንዲት እፍኝ ናት። እኔ ደግሞ አፌን ሞልቼ «የግቢዬ ወይን ይበቃል!» ብያቸው ነበር።

ዛሬ ሙዳይ ይዘው መጡ። አንዷን ፍሬ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ልጄ፣ ወይን ነው ወይስ ሎሚ?»

ጎረቤቴ አያ መኮንን አገር ቤት ወይን እርሻ ላይ ሠርተዋል። «እቴ፣ አንቺ ያሳደግሽው ቅጠል ነው! ፍሬው ፀሐይ አላየ፤ ሊበስል ሲል ደግሞ ውኃ ታጠጭዋለሽ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በዚህ ሐሩር ጥላዬን ማን ይቆርጣል ብዬ ሦስት ዓመት መቀስ አላስነካሁትም።

«ፍሬ የሚይዘው አዲሱ ቀንበጥ ነው» ብለው በየቅርንጫፉ ቀንበጥ የሚወጣበትን ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ አስቀርተው ከረከሙት።

አሁን ግቢዬ የተላጨ ራስ መስሏል። ደክሞኝ ግድግዳ ጥግ ተቀምጫለሁ፤ ጥላም የለኝ፣ ዘቢብም የለኝ።

አባ ግን ባዶ ሙዳያቸውን አንስተው «እስኪያፈራ ያለችውን እፍኝ በፍሬ እየቆጠርን እናዳርሳታለን» ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናንተስ፣ በጉራችሁ ያፈራችሁበት ቀን የለም? አጫውቱኝ እንጂ፣ ብቻዬን አልፈር። እኔም አባ አዲሱን ፍሬ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ አልጨፈኑ፣ ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።