በዐይኑ ዐ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጋዜጣ ያረመ ሰው ነበር። አራሚ እንጂ ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ልዩነቱንም ላልጠየቀው ሁሉ ይናገራል። «ጋዜጠኛ የሆነውን ይጽፋል ይባላል። እኔ ደግሞ ጋዜጠኛው የጻፈውን አነባለሁ። ከሁለታችን ማን የበለጠ እንደተጎዳ አንተው ፍረድ» ይላል። ሥራውን የሚሠራባት ክፍል ከማተሚያው ጎን ያለች፣ መስኮቷ ከእግረኛ መንገዱ እኩል የሆነች ጠባብ ክፍል ነበረች። ቀና ሲል የሚያየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ አጉሊ መነጽር፣ ቀይ እርሳስ፣ ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፤ ሌላ ምንም የለም።

ሰዉ የሚጠራው «አራት ነጥብ» እያለ ነው። ክርክር ሲዘጋ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ «በቃ፣ አራት ነጥብ!» ስለሚል የወጣለት ስም ነው። ክርክሩን የሚከፍተውም ሁልጊዜ እሱ ነበር።

አስተያየት የማይሰጥበት ነገር አልነበረም። ጋዜጣውን ከሕዝቡ አንድ ቀን ቀድሞ ስለሚያነብ፣ ከሕዝቡ አንድ ቀን ቀድሞ ይናደዳል። ሚስቱ ከሥራ ሲገባ ፊቱን አይታ የነገውን ዜና ትገምት ነበር። «ይኼን ድልድይ ዐሥራ አንድ ዓመት አረምኩት» ይላታል ጫማውን እያወለቀ። «ዐሥራ አንድ ዓመት ‹በቅርቡ ይጠናቀቃል›! ፊደሉ ልክ ነው፣ ሰዋስውም አልጎደለውም። ለውሸቱ የሚሆን እርሳስ ግን አልሰጡኝም።» ወደ ውኃ መሥሪያ ቤት ደውሎ የተቀዳው ድምፅ «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» ሲለው፣ «አስፈላጊ ከሆነ ለምን አታነሡትም?» እያለ ከማሽኑ ጋር ሩብ ሰዓት ይሟገታል። ሴት ልጁ በሳቅ ትፈርሳለች። እሱ ግን የምሩን ነበር።

አንድ ገጽ ላይ ብቻ አይቀልድም፦ የኀዘን ማስታወቂያው ገጽ ላይ። ሥራ በጀመረ በአራተኛው ዓመት፣ ስማቸው በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያይ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። የሞተው ታላቁ፣ ታትሞ የወጣው የታናሹ ስም። አባትየው ታናሹም የሞተባቸው መስሏቸው ጋዜጣውን እንደያዙ ወደቁ፤ ከዚያ ወዲያ ቆመው አልሄዱም። አራት ነጥብ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሽማግሌው አንደበታቸው ተይዞ ነበር፤ አዩት ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞት ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ያነባል፤ ሦስተኛውን ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ኋላ። «ለሞተ ሰው የቀረህ ውለታ ምንድን ነው? አስተካክለህ መጻፍ። ሌላ ምን ልታደርግለት ትችላለህ?» ይል ነበር።

ከዚያ ጋዜጣው በወረቀት መታተሙ ቀረና ወደ ስልክ ገባ። ዋና አዘጋጁ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን ትሑት ሰው፣ ቢሮው ጠራውና ወንበር አቀረበለት። ወንበር ሲቀርብለት ነገሩ ገባው።

«ጋሼ፣ አዲስ ፕሮግራም ገዝተናል። አንድ ሙሉ ገጽ በሦስት ሰከንድ ያርማል።»

«በሦስት ሰከንድ ያነባል ወይስ ያያል?»

«እ... ያው ነው ጋሼ።»

«ያው አይደለም። ‹ሚኒስትሩ መንገዱን መረቁ› እና ‹ሚኒስትሩ መንገዱን ማረኩ› ሁለቱም ለእሱ ልክ ናቸው። ማነው የሚነግረው?»

አዘጋጁ ፈገግ አለ። «እውነቱን ልንገርዎት? አንባቢውም ግድ የለው። ስሕተት ቢያይ እንኳ ቆሞ አያስብም፤ ጣቱን ያንሸራትታል፣ ያልፋል።»

አራት ነጥብ መዳፉን አነሣ። ጠረጴዛው ግን የሰው ነበር። መልሶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። አጉሊ መነጽሩን በመሐረብ ጠቅልሎ ወጣ።

ቤት መዋል ለእሱም ለቤቱም አልሆነም። ሬዲዮኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ እሱ ሦስት ይናገራል። «‹ትኩረት ተሰጥቶታል› ማለት ምን ማለት ነው? ማን ሰጠ? ስንት ኪሎ?» ሚስቱ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ ሐኪሙ ጩኸት ከልክሏታል። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጁ አንድ ቀን ምርር ብሏት ስልክ ገዝታለት መጣች።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ ጻፍ። እማዬ ላይ ከምትጮኽ ዓለም ላይ ጩኽ።»

ለአንድ ወር ያህል ስልክን ረገመ፤ ከዚያ ከእጁ አልወጣ አለ። የቀድሞ ጋዜጣው በሚያወጣው ዜና ሁሉ ሥር እርማት ይጽፋል፦ «‹ሠረቀ› ብትሉ ፀሐይ ወጣች ማለት ነው። ሰውየው የወሰደው የመንግሥት ገንዘብ ከሆነ በእሳቱ ‹ሰ› ጻፉት፤ ሌባን ፀሐይ አታድርጉት።» ሰዉ ሳቀለት። የሚከተሉት በዙ። በዚያው ልክ ያዋረዳቸውም በዙ፤ ያንን ግን አልቆጠረውም።

አንዴ ትልቅ ነገርም ሠርቷል። የሰፈሩ የቧንቧ ውኃ ተመርዟል የሚል መልእክት ከስልክ ስልክ ሲዞር፣ ሰዉ ሱቅ ሄዶ ለጠርሙስ ውኃ ሲጋፋ፣ እሱ ቁጭ ብሎ መልእክቱን መረመረ። የተጠቀሰውን ቀን «ማክሰኞ» ይለዋል፤ በዚያ ዓመት ግን ያ ቀን የዋለው ሐሙስ ነበር። ማክሰኞ የዋለው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አሮጌ ወሬ ነው፣ ያውም የሌላ ከተማ። ይኼንኑ ጻፈ፤ ከዚያ ፎቁን ወርዶ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድቶ በጎረቤቱ ፊት ጠጣ። አንድም ሰው አላመሰገነው። እንዲያውም አንዱ፣ «በመርዝ ላይም አስተያየት አለው!» ብሎ አሾፈበት።

ከእነሱ በታች ባለው ፎቅ አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖራለች። ባሏን ቀብራ አንድ ልጇን በመኪና ስፌት ያሳደገች ሴት ናት። ልጁ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። የአራት ነጥብ ሚስት ልቧ በተነሣባት ቁጥር ሐኪም ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። ሒሳብ ሲሉት፣ «እማማ፣ ይመርቁኝና ይበቃኛል» ይላል። አራት ነጥብ በመኪናው የኋላ መስታወት ላይ የለጠፈውን ጥቅስ እንኳ አርሞበት ነበር፤ ልጁ ስቆ በማግስቱ አስተካክሎ ለጠፈው። ካረማቸው ሰዎች ሁሉ ያልተቀየመው እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ከሚኒባሱ ፊት የመጣ የጭነት መኪና ፍሬን እንቢ ብሎት ገጨው። ልጁ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ።

ቀብሩ በሆነ በሦስተኛው ቀን እናትየው በልጇ ስልክ፣ በልጇ ገጽ ላይ በራሷ እጅ ጻፈች። እንዲህ ይላል፦ «የኔ አንድዬ ልጄ አረፈ። ለቀበራችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከእንግዲህ በሩን የሚያንኳኳብኝ የለም።»

አራት ነጥብ ይኼን ያነበበው ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ተኝታ ሳለ ነው። አለቀሰ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበ። ሦስተኛውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው። ከዚያ ጣቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ። ከሥሩ ጻፈ፦

«‹ዐረፈ› የሚጻፈው በዐይኑ ‹ዐ› ነው።»

ስልኩን አስቀምጦ ለሚስቱ ሾርባ ሊያሞቅ ሄደ። ምንም ክፉ ነገር የሠራ አልመሰለውም።

በማግስቱ ጠዋት ሴት ልጁ በሩን በርግዳ ገባች። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«አባዬ ምን አደረግክ?»

«ምን አደረግኩ?»

«ልጇን ቀብራ መጥታ ፊደሏን ታርምላታለህ?»

ስልኩን ከፈተው። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሰድቦታል። ድንጋይ፣ ልብ የለሽ፣ ጃጅቷል፣ እሱንም በዐይኑ ‹ዐ› ይቅበሩት። ገሚሱ እሱ ከዚህ ቀደም ያረማቸው ናቸው፤ ቂማቸውን ጠብቀው፣ በሰው ኀዘን ተሸፍነው የመጡ። የቀድሞ ጋዜጣውም ዜና አድርጎታል። ርዕሱ ላይ ሦስት ስሕተት ነበር። አያቸው፤ ሦስቱንም አያቸው።

«አጥፋው» አለች ልጁ።

«ባጠፋው የተጻፈ ነገር ያልተጻፈ ይሆናል?»

«አባዬ፣ ለአንዴ እንኳ አትከራከር! ሰው ሥራ ቦታዬ መጥቶ የማን ልጅ እንደሆንኩ እየጠየቀኝ ነው።»

አጠፋው። ግን ሰዉ ሁሉ ፎቶ አንሥቶ አስቀምጦት ነበር።

 ሲመሽ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ያ ልጅ ስንት ጊዜ ተሸክሞኝ ደረጃ ወርዷል» ብቻ አለች።

ፀጉር ቤት ሲሄድ ወረፋ የያዘው ሰው ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ሃያ ዓመት የሚያውቀው ፀጉር አስተካካይ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለትና በመስታወቱ ውስጥ አየው። «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አውቃለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን አንዳንዴ ልክ መሆን ነውር ነው» አለው። አራት ነጥብ መልስ ነበረው። መልስ አጥቶ አያውቅም። ግን ምላጩ ጉሮሮው ላይ ነበርና ዝም አለ፤ ምላጩ ከተነሣም በኋላ ዝም እንዳለ ወጣ።

እርማቱን በጻፈ በአምስተኛው ቀን ወደ ልብስ ሰፊዋ ወረደ። ብቻዋን ነበረች። የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል። ሶፋው ላይ የልጁ ጃኬት ተዘርግቷል። ይግቡ አላለችውም፤ አይግቡም አላለችው። በሩ አጠገብ ቆመ።

«እኅቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ለየቱ?»

«ለ... ለጻፍኩት።»

«ሲነግሩኝ አላመንኩም ነበር፤ እሳቸው አያደርጉትም አልኩ» አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «አንድ ሰዓት ሙሉ ነው የጻፍኩት ጋሼ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አንድ ፊደል ጽፌ ሁለት አጠፋለሁ። እርስዎ ከዚያ ሁሉ ያዩት አንዱን ነው።»

«ሁሉንም አይቻለሁ። እመኚኝ አልቅሻለሁ። ግን እኔ... የሞተ ሰው ላይ ስሕተት ሳይ አልችልም። ለእኔ ክብሩ ነው። አንድ ጊዜ በእኔ ስሕተት ምን እንደደረሰ ብነግርሽ...»

«ክብሩን እኔን ሳያዋርዱ ቢሰጡት ምን ነበረበት? አንድ ፎቅ ነው የሚለየን። ወርደው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

 እውነትም አንድ ፎቅ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ደረጃ። በቀብሩ ዕለት ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ለኀዘንተኛ ምን እንደሚባል ስላላወቀ፣ እነዚያን ደረጃዎች አልወረደም። ለማረም ግን ፈጥኖ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ልክ ነዎት?»

«ምን?»

«ፊደሉ። እንደሚሉት ነው የሚጻፈው?»

አራት ነጥብ አመነታ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቆ ሲያመነታ የመጀመሪያው ነበር። «አዎ» አለ በመጨረሻ። «ልክ ነኝ።»

«እንግዲያው ይሂዱ ጋሼ» አለች ጃኬቱን እያጣጠፈች። «ልክ ነዎት፤ ይሂዱ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሰዉ በሳምንቱ ሌላ የሚሰድበው አገኘና ረሳው። ልጁ ግን አልረሳችም፤ ፋርማሲዋን ለውጣ ከተማው ማዶ ቤት ተከራየች። ለእናቷ በየቀኑ ትደውላለች፣ ለእሱ ሰላምታ ትልካለች። ከሁለት ወር በኋላ ዋና አዘጋጁ ደወለለት። «ጋሼ፣ ሰዉ ያውቅዎታል እኮ አሁን! በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው ሰው ቢያርሙ፣ ቢሳደቡ... ተመልካች ይወደዋል» አለው። አራት ነጥብ እስኪጨርስ ሰማው። «በሦስት ሰከንድ የሚያርመውን አስቀምጡት» ብሎ ዘጋ።

አስተያየቱ አልተለወጠም። ድልድዩ ዛሬም በቅርቡ ይጠናቀቃል፤ እሱም ዛሬም ይናደዳል፣ ግን በሆዱ። ሬዲዮኑ ይለፈልፋል፣ እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል። ሚስቱ መጀመሪያ ዕረፍት ያገኘች መስሏት ነበር። ሲቆይ ዝምታው ከጩኸቱ ይልቅ ልቧን ያዘው። «ኧረ አንድ ነገር ተናገር፣ ቤቱ ሰው የሌለበት መሰለኝ እኮ» ትለዋለች። «ምን ልበል?» ይላል።

ልብስ ሰፊዋ በወሩ የስፌት መኪናዋን ገልጣ ሥራ ጀመረች። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሚስቱን አቅፋ ትስማለች፤ እሱን በእግዜር ሰላምታ ታልፈዋለች። ክረምት ሲገባ የካፖርቱ ገበር ተተረተረበት። ዐሥራ ስድስቱን ደረጃ ወርዶ በሯ ጋ ሲደርስ የመኪናዋ ድምፅ ይሰማ ነበር። ትንሽ ቆመና አልፎ ወረደ፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ለማያውቀው ሰፊ ሰጠው። ሰውየው አጣሞ፣ በማይገጥም ክር ሰፋው። አራት ነጥብ ገልብጦ አየው፣ አመሰገነ፣ ለብሶት ሄደ።