ደመናን ወደ ደጋ ያወጣንበት መንገድ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ወሬው የደረሰኝ ውዳሴ ማርያም ልጀምር ስል ነው። የፈረስ ጠባቂያችን አያ ታምሬ ከደጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እሜቴ፣ ከማዶ ሁለት ፈረሶች ሞተው አደሩ። አፍንጫቸው አረፋ ሞልቶ።»

መጽሐፌን አጠፍሁ። የምኖረው ከተወለድሁበት ከመንዝ ርቄ፣ ከአምበር በታች ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ነው። ጠላት አገሩን ከያዘ ወዲህ ባለቤቴ ጫካ ገብተዋል። ክረምቱን በየገደሉ በእግር ስለሚዘዋወሩ ፈረሳቸውን ለእኔ ትተው፣ «ለመስከረም በጤና አቆዪልኝ» ብለውኛል። ፈረሱ ደመና ይባላል፤ እሳቸውንም አገር የሚያውቃቸው አባ ደመና ብሎ ነው። በሽታው ትንኝ በበዛበት ቆላ ነው እንጂ ብርዳማው ደጋ አይደርስም። ስለዚህ ዛሬውኑ መውጣት አለብን።

ኮርቻውን ደብቀን የማሽላ ስልቻ ጫንበት። አያ ታምሬ ወደ ፈረሱ ጆሮ ጠጋ ብለው «ይቅር በለኝ ጌታዬ» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «አደራ እሜቴ፣ ስሙ እንዳያመልጥዎ። የሰማ ሁሉ የማን ፈረስ እንደሆነ ያውቃል። ቦራ ይበሉት።»

ማክሰኞ፣ ዳገቱ ላይ

ጭቃው ጉልበት ይደርሳል። አያ ታምሬ በየማረፊያው ጭነቱን ያወርዳሉ፤ ከሥሩ ያለውን እርጥብ ደበሎ በደረቅ ይለውጣሉ፤ ጀርባውን በጭድ ያሻሉ፤ ሰኮናውን በእንጨት ይጠርጋሉ። እኔ መሸብን ስል እሳቸው ወይ ፍንክች።

«እርጥቡ ካቆሰለው መስከረም ላይ ኮርቻ አይሸከምም። ያን ጊዜ ለጌታዬ ምን ልንላቸው ነው?»

ባረፍንበት ቤት ጋጣው ደጅ ላይ ኩበት አጨስን፣ ትንኝ እንዳይገባ። ጠዋትም ጤዛው እስኪረግፍ ሣር አላስነካነውም።

ረቡዕ፣ አምበር ገበያ

ደጋ ለመውጣት ጣሊያን የሠራውን መንገድ ማቋረጥ ግድ ነው። ገበያው መንገዱ ዳር፣ ባንዶቹ ገበያው መካከል ናቸው፤ ደህና ፈረስ ካዩ ይወስዳሉ። አያ ታምሬ ደመናን ጭቃ ቀብተው አንገቱን አስደፍተው እንደ አጋሰስ ያስኬዱታል። ልናልፍ ጥቂት ሲቀረን አንድ አህያ ከነጭነቱ ገጨውና ፈረሱ በርግጎ አመለጠ።

ልቤ ቀድሞኝ ጮኽሁ፤ «ደመና! ና፣ ደመና!»

ፈረሱ ቀጥ አለ። ገበያውም ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነው ደመና ያለው?» አለ አንዱ ባንዳ እየተጠጋ።

አጠገቤ አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ረጅም፣ ራሱን በነጠላ የጠመጠመ። አላውቀውም። ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ተነሣ።

«እውነቷን እኮ ነው! ደመና መጣ! ጨዌን፣ ጎበዝ፣ ጨዌን!»

ሰማዩ የታጠበ ሳህን ይመስላል፤ ጉም እንኳ የለበትም። አንዲት ጤፍ ሻጭ ግን ቀበል አድርጋ «ኧረ ጤፌን! ደመና!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ገበያው ሁሉ ተነሣ። ቁርበቱ ይዘረጋል፣ ጋቢው ይወረወራል፣ ሰዉ ይጋፋል።

ባንዳው አንጋጦ፣ «የታለ ደመናው?»

«አትቸኩል ጌታው፤ እሱ ራሱ ይመጣልሃል» አለው ጨው ነጋዴው። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አያ ታምሬ በግርግሩ መካከል ፈረሱን ይዘው መንገዱን ተሻገሩ፤ እኔም እያማተብሁ ተከተልሁ።

ሐሙስ፣ ጮቄ ሥር

የባለቤቴ አክስት እማሆይ ደጃቸው ላይ ተቀበሉን። እኔን ሳይስሙ የፈረሱን ጀርባ በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ቁስል የለውም፤ ደግ አምጥታችኋል። አንቺ ግን ልጄ፣ ተረከዝሽ ተልጧል!»

ጋጣው የድንጋይ ነው፤ ወለሉ ደረቅ ጭድ ለብሷል። ክረምቱን እዚያ ከረመ። በመስከረም ባለቤቴ ሌት ተጉዘው መጡ፤ ደመናም ሳያስል፣ ሳያነክስ ጌታውን ተሸክሞ ወረደ።

አሁን ጠላት ወጥቷል፤ እኔም ይህን ያለ ፍርሃት እጽፋለሁ። በዚያ ረቡዕ አምበር ገበያ የነበራችሁ ሆይ፣ ያን የጨው ነጋዴ የምታውቁት ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በቅዳሴ ላሳስበው ሄጄ ቄሱ «የጨው ነጋዴው ብዬ ልጥራው?» አሉኝ። በሕይወት ካለም፣ ካረፈም፣ የክርስትና ስሙን ላኩልኝ።