በአስቴር ትከሻ ላይ ያለው እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጴንጤ ነኝ፤ ጉዴን የምነግረው የንስሐ አባት የለኝም። ስለዚህ አንተ አንባቢው ስማኝ። ግን ዝም ብለህ አትመነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔን ያመኑ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው አሁን ትሰማለህ።

ፎቶ አንሺ ነኝ። ከኡጋንዳ እስከ ባንግላዴሽ፣ ድሃ በሚባሉ አገሮች እየዞርኩ የሰውን የዕለት ኑሮ አንስቻለሁ፤ ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ መንገድ ዳር ጸጉር የሚቆርጥ ሽማግሌ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ቤተሰብ። በሄድኩበት ሁሉ የምፎክረው በአንድ ነገር ነበር፦ «እኔ ሰው አላስተካክልም፤ ያገኘሁትን ነው የማነሳው።»

ታዲያ አገሬ ሐዋሳ ስመለስ ምን አደረግኩ? አስቴር ሐይቁ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች። ከከተማው ዳር ያለችው የቡሹሎ መንደር ልጅ ናት፤ አግብታ ወልዳለች። አንድ ጀልባ ቀዛፊ በቆሎውን ይዞ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። አነሳኋቸው፤ ፎቶው ደረቅ ሆነብኝ። «ተጠጉ» አልኳቸው። ተጠጉ። «እጅህን ትከሻዋ ላይ አድርግ።» ሰውየው አፈረ። እጁን ይዤ ትከሻዋ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እኔ።

«ኧረ ባሌ ቢያይስ?» አለች አስቴር።

«የት ያየዋል? ውጭ አገር እኮ ነው የሚሄደው» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ አነሳኋት።

ፎቶው ግን ውጭ አገር አልሄደም። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ ባዘጋጀሁት ዐውደ ርዕይ ላይ ትልቅ አድርጌ ሰቀልኩት። ከታዳሚው አንዱ በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ ዞሮ ዞሮ ባሏ ዳንጊሶ ዘንድ ደረሰ። ዳንጊሶ አናጢ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ማን ሚስቱን እንዲያ አይቶ ዝም ይላል? የቀዛፊውን ቃል የሚያምን አልነበረም፤ አስቴርም ሌላ ምስክር ስላልነበራት እኔን አስጠራችኝ።

ቡሹሎ፣ ዛፍ ሥር፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። መጽሐፍ አላስመቱኝም፤ እዚያ ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ይዋሻል ተብሎ አይታሰብም። ትልቁ ሽማግሌ «ልጄ፣ ስታገኛቸው እንዲህ ነበሩ ወይስ አንተ ነህ ተጠጉ ያልካቸው?» አሉኝ።

መልሱ ቀላል ነበር። ካሜራዬ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ተራርቀው የተቀመጡበት የመጀመሪያው ፎቶ ውስጡ አለ። ግን ከሽማግሌዎቹ ኋላ ዐውደ ርዕዩን ያዩ፣ ፉከራዬን የሰሙ ሰዎች ቆመዋል። አስመሳይ ቢሉኝስ? ስሜ ቢጠፋስ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አልኩና የሰውን ልጅ እናት አሳጣሁ።

«ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት፣ አባቴ» አልኩ።

አስቴር ደንግጣ አየችኝ። «እንዴ! አንተ አይደለህ እንዴ ተጠጉ ያልከን?» አለች። ካሜራዬን ከትከሻዬ ወደ ጀርባዬ ገፋሁት። ዳንጊሶ እኔን አመነ፤ ይዋሻል ብሎ ለምን ይጠርጥረኝ?

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ያንን የመጀመሪያ ፎቶ አጠፋሁት። ደንግጬ ነው አልልህም፤ አስቤበት ነው። አስቴር ወደ ወላጆቿ ቤት ተላከች፤ ትንሽ ልጇ ዳንጊሶ ጋ ቀረች። ቀዛፊውም ከተማውን ለቆ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኛል። አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ባለሱቅ ትክ ብሎ ካየኝ፣ ሰምቶ ይሆን እላለሁ። ፓስተሩ ስለ ሐሰት ምስክር ከሰበከ፣ ማን ነገረው እላለሁ። ራሴንም አላምነውም። ይህንን ጽሑፍስ እንዲያምር አስተካክዬው ይሆን?

እንግዲያው ሳላሳምር ልናገር። ዳንጊሶ፣ ሚስትህ ምንም አላደረገችም። የሰውየውን እጅ ትከሻዋ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ማስረጃ የለኝም፤ አጥፍቼዋለሁ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ከአንተ በፊት የበደልኩት እሷን ነው። ልጅህን ይዘህ ሂድና «አላመንኩሽም፣ ይቅር በይኝ» በላት። እኔም ከኋላህ ደጃፏ ድረስ እመጣለሁ። ብታባርረኝ ደግ አደረገች።