የበራችን አረንጓዴ

አዲሱ ገበያ ካሉት ቀለም ቤቶች በአንዱ ሻጩ የጋሎኑን ክዳን በካቻቪቴ ፈንቀል ሲያደርገው፣ የዘይት ቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ገባና ልጅነቴን ከነጭቃው አመጣብኝ። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ እኔ ግን ደሜ ነው የፈላው። ልጁ ገና ክዳኑን ሳይከፍት "ያው ነው ማዘር፣ ፋብሪካው ይለያይ እንጂ ቀለሙ አንድ ነው" ብሎኝ ነበር፤ ሳየው ምኑም አንድ አይደለም። ከፒያሳ እስከ መርካቶ የዞርኩባቸው ሁሉ እንዲሁ ነው ያሉኝ። ምኑ ነው ያው? እንደ እኔ ዓይን የላቸውም? የምፈልገው ደግሞ አንድ ማንኪያ የማትሞላ ቀለም ነው፤ መዳፍ ላይ ለምትቀመጥ ቤት፣ አውራ ጣት ለምታክል በር።

ከሥራ መልስ ከካርቶንና ከጣውላ ቁራጭ ትንንሽ ቤትና ትንንሽ ሰው እየሠራሁ መቀባት የቆየ አመሌ ነው፤ ባለቤቴ "አንቺ ልጅነትሽን ሳትጨርሺ ነው ያገባሁሽ" እያለ ይስቅብኛል። ይቺን ቤት ግን የሠራኋት ለእማዬ ነው። ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ የነበረው ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እማዬ ከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ "ቤቴ መልሱኝ" ትላለች። አእምሮዋ ደህና ነው፤ ሲፈርስም ቆማ አይታለች። እያወቀች ነው የምትለው። በቅርቡ ደግሞ ምግብ እየተወች መጣችና ጨነቀኝ። ቤቷን በእጇ ባስይዛት ትንሽ ትረጋ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቀለሙ ካልተስተካከለ ግን በጄ እንደማትል አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ያንን አረንጓዴ የፈጠረችው ራሷ ናት።

በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ የግቢያችን ሰው በሩንና መስኮቱን ይቀባ ነበር። ክረምቱ እንዳልወጣ እየታወቀ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ፣ እስኪያባራ እንጠብቅ የሚል አንድ ሰው አይገኝም፤ አዲስ ዓመት መጥቶ አሮጌ በር እንዳያይብን ተብሎ በዝናብ ይቀባል። እኛ ልጆቹ ዱካ ላይ ቆመን ለበሩ ጃንጥላ እንይዛለን። ሰው እየበሰበሰ ለበር ጃንጥላ ይያዛል! ያም ሆኖ ነፋሱ ዶፉን ይዞ ይመጣና ቀለሙ ወደ ታች ይንዠቀዠቃል፣ አባቴ ይራገማል፣ ሸማኔው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ከመሸመኛቸው ጉድጓድ ወጥተው "ተወው፣ ጥለት ሆነልህ" እያሉ ያበሽቁታል።

ቀለሙ ከአንድ ጣሳ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ሙሉ ጋሎን የሚገዛ አልነበረም። ጋሽ ወልዴ ዘመዳቸው ቤት የተረፈ ሰማያዊ ያመጣሉ፣ አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ የተራረፈ ቢጫ፣ ከበስተጀርባችን ያሉት እትዬ በላይነሽ ደግሞ ጣሳው ሥር የጋገረ አረንጓዴ፤ ሁሉም የተለያየ ፋብሪካ ነው፣ ሁሉም በእትዬ በላይነሽ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ይገለበጣል። እማዬ በእንጨት ታማስለዋለች። ጣቷን ነክራ መቃኑ ላይ ጠረግ ታደርግና ዓይኗን አጥብባ ታየዋለች፤ "ቢጫ አንሶታል"። የአምናውን እስኪመስልላት ድረስ ቡርሽ የሚነካ የለም። ምሳ ያልፋል፣ ወንዶቹ ያጉረመርማሉ፣ እሷ ወይ ንቅንቅ። ሲደርስላት የግቢው በር ሁሉ ከዚያች ሳፋ ይቀባል፤ እንግዳ ሰው የማን በር የማን እንደሆነ አይለይም። ከእንጦጦ በኩል በሸክም የሚመጣ የለጋ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚያውቅ ሰው ያንን አረንጓዴ ያውቀዋል፣ ሰማያዊ ያዘነበለበት።

እንግዲህ ይሄንን ነው ከሱቅ ሱቅ ስፈልግ የከረምኩት። ለምን እንደሆነ ሳልነግራት የየፋብሪካውን አረንጓዴ ካርቶን ቁራጭ ላይ እየቀባሁ አመላለስኩላት። አንዱን "ይሄማ የጤና ጣቢያ በር ነው" አለች፣ ሌላውን "የቢራ ጠርሙስ"። ወንድሜ ታደለ በስልክ "አረንጓዴ አረንጓዴ ነው፣ ምን ያካብድሻል?" ይለኛል። የኮንዶሚኒየሙን ቁልፍ የሰጡን ቀንም "ውሃ አለው፣ መብራት አለው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?" ያለው እሱ ነው። ያን ቀን አለፍኩት፣ አሁን ግን ጮህኩበት። ጋሽ ወልዴን አንድ ጫፍ፣ እትዬ በላይነሽን ሌላ ጫፍ፣ እናቴን ሦስተኛ ጫፍ ወርውሮ ቤት በቤት ተተካ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

በመጨረሻ በቃኝ ብዬ የአንዱን ሰማያዊ፣ የሌላውን ቢጫ፣ ያንን የአዲሱ ገበያውንም አረንጓዴ እርጎ መሸጫ ኩባያ ውስጥ ገልብጬ እንደ እማዬ አማሰልኩት። ቁራጩን ሳሳያት ከእጄ ነጥቃ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። "ይሄንን ከየት አመጣሽው?" አለችኝ፤ መልሷ እሱ ነበር።

እሑድ ቤቷን ወሰድኩላት። መነጽሯን አድርጋ ጣሪያውን አየች፣ ደረጃውን አየች፣ በሩ ላይ ቆየች። "ልክ ነው" ስትል አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በጥፍሯ በሩን ገፋ አደረገችው።

"አይከፈትም እንዴ?"

"ተጣብቋል እማዬ። ለማየት ነው እንጂ።"

"ታዲያ ሰው በየት ይገባል?"

እውነቷን ነው። ያ በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው ዘው ነው፣ እትዬ በላይነሽማ ድስታችንን ከፍተው ካላዩ ሰላምታም አይሰጡም። እዚህ ከፊት ለፊቷ ካለው ብረት በር ኋላ የሚኖረውን ሰው እናቴ ስሙን አታውቅም። ሁሉም ነገር እርር አደረገኝ፤ አፍራሹም፣ ቀለም ሻጩም፣ ታደለም፣ በር ለጥፌ የመጣሁት እኔም። ከኩሽናዋ ቢላ አምጥቼ በሩን መፈልፈል ጀመርኩ። ያ ሁሉ የተንከራተትኩለት ቀለም እየተላጠ ጉልበቴ ላይ ይረግፋል፣ እኔ በንዴት አለቅሳለሁ፣ እማዬ "ኧረ ቀስ፣ እጅሽን!" ትለኛለች።

በሩ ተከፈተ። እማዬ ቤቷን ተቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ውስጡን አየች።

"ባዶ ነው" አለች።