የአንድ ቤት ሁለት ኮምፒውተሮች

ልጄ የወለደች ሰሞን ሱቁን ዝጋው አለችኝ። ሱቁ ቡታጅራ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የፎቶ ኮፒና የኅትመት ቤቷ ነው። አልዘጋም አልኳት። ደንበኛ አንዴ ሌላ ደጅ ከለመደ አይመለስም፤ እሷ ከአራስ ቤት ስትነሳ ባዶ ሱቅ ነው የምትረከበው። እኔ ፊደል ብዙ አልገፋሁም፤ ቁጥር ግን ንግድ አስተምሮኛል።

ችግር የመጣው ከሱቁ ሁለት ኮምፒውተሮች ወልቂጤ ለጥገና የሄደው ሲመለስ ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ስለነበር ማተሚያውን አያውቀውም። ልጄ በስልክ እየመራችኝ ቦታው ድረስ አደረሰችኝና፣ እዚህ ጋ አይፒ የሚባል የኮምፒውተሩ የቁጥር አድራሻ ይሞላል አለችኝ። ወዲያው ሕፃኑ አለቀሰ፤ ስልኩን ዘጋችው።

መጠበቅ አልወድም። ደህናው ኮምፒውተር ላይ ያለውን አየሁ፤ 192.168.1.20 ይላል። እንዳለ ገለበጥኩት። እኔ ግቢ ያሉት ተከራዮች በሙሉ በአንድ የቤት ቁጥር ነው የሚኖሩት፤ እነዚህም የአንድ ቤት ናቸው ብዬ።

ጭራሽ ደህናውም አንዴ ማተም፣ አንዴ መቆም ጀመረ። ፈተና ሊያሳትም የመጣ አስተማሪ ሰዓቱን እያየ፣ አባባ እንሰት ቢፍቁ ይሻልዎት ነበር አለኝ። እሱ የሴቶች ሙያ ነው፣ ያንንም አልችልም፣ ተቀመጥ አልኩት።

መልሼ ደወልኩላት። ያደረግኩትን ስትሰማ ሳቀች።

«አባዬ፣ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ሰጠሃቸው?»

«የአንድ ቤት አይደሉም እንዴ?»

«አንድ የሆነው ሰፈራቸው ነው። በነጥብ ከተለያዩት ቁጥሮች የፊተኞቹ ሦስቱ የሰፈሩ ናቸው፣ አትንካቸው። የመጨረሻው ግን የየራሳቸው ነው። ማተሚያው መልስ ሲልክ ሁለቱም የኔ ነው ካሉት ለማን ይስጥ?»

ይኼ ገባኝ። ታዲያ የፈለግኩትን ላድርግበት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከ254 እንዳታልፍ አለችኝ፤ 1 የኢንተርኔቱ ሳጥን ነው፣ 10 የማተሚያው፣ የተያዘ አትንካ። ደግሞ ግራ ካጋባህ ተወው፣ ባለቤቴ ማታ ይመጣል አለች። ማታ ድረስ ይኼ ሰው አይቀመጥልኝም አልኳት።

ከጥገና በተመለሰው ላይ በአንድ ጣቴ 20ውን አጥፍቼ 21 አደረግኩት። ማተሚያው ትንሽ አጉረመረመና ፈተናውን ያወጣው ጀመር። አስተማሪው ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ የሌላ ክፍል ፈተናም አሳትማለሁ፣ ነገ ክፍት ናችሁ ወይ አለ። ክፍት ነን አልኩት።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር፤ ልጄ ሁሉን ሰምታለች። ሱቁን ስለ መዝጋት ዳግም አላነሳችም።

«ወረቀት እንዳያልቅብህ ብቻ» አለችኝ።