ግድግዳ የምትዳብሰው ካቻና

መጀመሪያ ልብ ያልኩት እጇን ነው። ካቻና በንጉሡ ግቢ ጠባብ መተላለፊያዎች ስትሄድ ግራ መዳፏ ከግድግዳው አይለይም። የተሣለውን ጥቁርና ነጭ ሦስት ማዕዘን፣ እባቡን፣ የዓሣ መረቡን በጣቶቿ እየዳበሰች ታልፋለች። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ለእረፍት ከዋና ከተማችን ከዋጋዱጉ መጥቼ ይህን ሳይ ደነቀኝ። ግድግዳውን ሰላም የምትለው መስሎኝ ግጥም ጻፍኩላት።

ካቻና የአያቴ ታናሽ ወንድም ሚስት ናት። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተድራ እዚህ ግቢ ገባች፤ ሰባት ወልዳ ሦስቱን ቀበረች። በእኛ በካሴናዎች ዘንድ ቤቱን ወንዶች ያቆማሉ፣ ሴቶች ደግሞ ይሥሉታል። ዝናቡ ሲያበቃ ሴቶቹ ግድግዳውን በቀይ አፈር ይለስኑና እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። የመጀመሪያዋን መስመር በጅግራ ላባ የምታሰምረው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ላባው የሚተላለፈው ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ባለቤቷ ራሷ "እንቺ" ካላለች ማንም አይነካውም። ካቻና ሃያ ስድስት ዓመት በሻሿ ሰክታው ኖራለች።

ጓደኛዋ ካዌ ካቻና በተዳረችበት ዓመት እዚሁ ግቢ የተዳረች ናት። ሥራቸው ከስድብ ጋር ነው።

"ነጭ አፈርሽ እንደ ገንፎሽ ቀጥኗል" ትላለች ካዌ።

"ያንቺ ባል ገንፎ የሚባል ነገር ቀምሶ ያውቃል?"

አንድ ቀን ካቻና እንዲህ አለችኝ፦ "ከሁለታችን የአንዳችን ዓይን ቀድሞ ከደከመ፣ ሌላዋ ለብቻዋ ጠርታ ፊት ለፊት ልትነግራት ተማምለናል። ካዌ አፏ ክፉ ነው። ለዚህ ነው የማምናት።"

ዘንድሮ ካዌ "ሥዕሉ ከሚመጣው ገበያ ማግስት ነው" አለቻት። የእኛ ገበያ በየሦስት ቀኑ ይቆማል። ካቻና እስከ ገበያው ቀን ድረስ ኔሬ የሚባለውን ዛፍ ፍሬ ልጣጭ ስትቀቅል ሰነበተች፤ ውሃው ሥዕሉን ከዝናብ የሚጠብቅ ቅባት ነው። በገበያው ቀን ሁለታችንም ገበያ ውለን አመሸን። በማግስቱ ጠዋት እኔ እንስራውን ተሸከምኩ፤ እሷ ግድግዳውን እየዳበሰች መራችኝ።

ትልቁ ቤት ጋ ስንደርስ እጇ ድንገት ቆመ። ጣቶቿን አንስታ አሸተተቻቸው።

"እርጥብ ነው" አለች።

ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሥሎ አልቋል። ሴቶቹ የቀለም ቅላቸውን እያጠቡ ነበር፤ አንዷም ቀና አላለችም። ካዌ ብቻ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች።

"ማን ጀመረው?" አለች ካቻና።

"እኔ። ትላንት፣ በጣቴ።"

"ገበያ ላይ ሳለሁ?"

"ካቻናዬ፣ ዓይንሽ…"

"ዓይኔ ምን?"

"መስመርሽ ይጣመማል። እንግዶች ይመጣሉ፣ ንጉሡም ያያሉ። ላሳፍርሽ አልፈለግኩም።"

"አሁን ያላፈርኩ መሰለሽ?" ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጣመመው?"

ካዌ እጇን እንደገና በቀሚሷ ጠረገች።

"አንቺ! ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ዓመት ሆነው። ለምሳ ስትሄጂ… አስተካክልልሽ ነበር።"

ካቻና ወደ ግድግዳው ዞረች። አምና ንጉሡ ከሥዕሉ ፊት ቆመው "የካቻና እጅ አያረጅም" ብለዋት ነበር። ያን ቀን ማታ ስትጨፍር አይቻታለሁ፤ በሰባ ዓመቷ ትከሻዋ እንደ ልጃገረድ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ያንቺን ሥዕል የራሴ መስሎኝ ስኮራ፣ ቆመሽ ታጨበጭቢልኝ ነበር" አለች።

"ስለምወድሽ ነው።"

"የተማማልነው እንድትወጂኝ አይደለም። እንድትነግሪኝ ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። በጣም ተጠግታ፣ ፊቴን እንደ ግድግዳው በመዳፏ ዳበሰችው። ከዚያን ቀን በፊት እንዲህ ነክታኝ አታውቅም።

"ያቺ ከተማ የሚያስተምሯት ልጅ፣ አንቺስ አላየሽም?"

አይቻለሁ። አምና ካቻና ገንፎዋን ስትበላ፣ ካዌ በረጠበ አውራ ጣቷ መስመር ስታጠፋና እንደገና ስታሰምር አይቻለሁ። ሁለት ጓደኛሞች በአንድ እጅ ይሥላሉ ብዬ ተደንቄ ነበር። መደነቄን ለሁሉም ሰው አወራሁ፣ ከእሷ በቀር።

"አይቻለሁ፣ እማ" አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። እንስራውን ከጭንቅላቴ ላይ በገዛ እጇ አወረደችው።

"ሁለት ጊዜ ቀቡት" አለች ለሴቶቹ። "አንዴ ከሆነ የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል። ግድግዳው ምን አደረገኝ።"

ከሻሿ ላባውን መዘዘች። ካዌ እያለቀሰች ሁለት እጇን ዘረጋች። ካቻና ላባውን በእንስራው ክዳን ላይ አስቀመጠችው፤ "እንቺ" አላለችም። የካዌ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ። ላባውን የነካው የለም።

"ላድርስሽ፣ እማ" አልኳት።

"መንገዱን አውቀዋለሁ።"

ሄደች። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል፣ በመተላለፊያው መሐል ለመሐል፣ እግሯን አንድ በአንድ እየሞከረች፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ። በመታጠፊያው ላይ ትከሻዋ ግድግዳውን ሊነካ ሲል ሸሸችው፣ ከዚያ ከዓይኔ ተሰወረች።